የሁዳዴ ቅቤ

የሚዛኑ ቀስት ትንሽ ተንቀጠቀጠና ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ላይ ቆመ።

ተሻለች አላመነችውም። የተንጠለጠለውን የሚዛን ሱሪ ይዛ አረጋጋችው፤ ውስጡ የተቀመጠችውን ሕፃን እግር ከግድግዳው አራቀችና እንደገና አየች። ያው ነው። ባለፈው ማክሰኞ ስድስት ከሁለት መቶ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞም ስድስት ከሁለት መቶ። ኢፍቱ የምትባለው ይህች የዓመት ከስምንት ወር ልጅ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የፋፋ ዱቄት እየተሰፈረላት ቅንጣት አልጨመረችም። አታለቅስም ደግሞ። ሚዛን ላይ ወጥቶ ጣራው እስኪነሳ የማይጮህ ልጅ ሲገጥማት ተሻለች ልቧ ይፈራል።

"ሀሊሜ!" አለች ወደ እናቲቱ ዞራ። የምታናግራት በኦሮምኛ ነው፤ አሰላ ተወልዶ ኦሮምኛ የማይችል ሰው ጎረቤት የሌለው ብቻ ነው። "ዱቄቱን ወዴት ነው የምታደርሺው?"

"አበላታለሁ፣ እቴቴ" አለች ሀሊሜ መሬት መሬት እያየች።

"ብታበያትማ ይሄኔ ሚዛኑን ትሰብረው ነበር! እኔን አታሞኚኝ። ሸጠሽዋል አይደል? ልጅሽ እኮ ናት፤ የእንጀራ ልጅ አይደለችም!"

ከኋላ የተሰለፉት እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። በሩ ላይ የቆሙት ዘበኛው ኦቦ ጉደታ ያላመማቸውን ሳል ሳሉ። ሀሊሜ ልጇን ከሱሪው አውጥታ አዘለችና የፋፋ መውሰጃ ካርዷን ለመቀበል እጇን ዘረጋች፤ ተሻለች ግን ካርዱን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

በተሻለች ቁጣ ማንም አይፍረድባት። ጊዜው ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ቆላው ከብቱን ለጥንብ አንሳ አስረክቦ፣ ልጁን አዝሎ፣ አሰላ ዙሪያ ወዳሉት የደጋ ዘመዶቹ የወጣበት ዓመት። ዘመድም ቢሆን የሚያካፍለው አልተረፈውም። የእርዳታ ድርጅቱ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ተቀብሎ የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ሲያደርገው፣ የሴቶች ማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ላከ፤ ተሻለች ከእነሱ አንዷ ናት። ከጥቅምት ጀምራ ያለ ደመወዝ ሠርታለች። ባሏ ሣህሌ ሰሜን ዘምቶ አምስት ወር ደብዳቤ አልላከም፤ ቤት ውስጥ ያሉት እሷና እናቷ ናቸው። ለወር ደመወዝ ተስፋ የምታደርገው ይህን ሚዛን ነበር፤ ከሚያዝያ አንድ ጀምሮ በቋሚነት እንደምትቀጠር ተነግሯታል። እና የጣቢያው ደንብ ግልጽ ነው፦ የልጇን ፋፋ ስትሸጥ የተገኘች እናት ከመዝገብ ትሰረዛለች። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የከተማው ኮሚቴ ፋፋ ገበያ ላይ ሲሸጥ አይቷል። ሻጯ ማን እንደሆነች ከዛሬ ማታ በፊት ስሟ ተጽፎ እንዲደርሰው አዝዟል።

"በራሷ ላይ ያመጣችው ራሷ ናት" አለች ተሻለች በሆዷ፣ ቀጣዩን ልጅ እያንጠለጠለች። "እኔ ምን ላድርግ?"

እኩለ ቀን ላይ እጇን ለመታጠብ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው በርሜል ሄደች። ከጭላሎ የሚወርደው ንፋስ ሽርጧን ያርገበግበዋል። የማገዶው ክምር ጥግ ሀሊሜ ቆማ ትጠብቃታለች፤ ኢፍቱ ጀርባዋ ላይ አንገቷን ጥላ ተኝታለች። ሀሊሜ ግራ ቀኝ አይታ ከነጠላዋ ስር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋች።

"ተቆጣሽኝ፣ እቴቴ። ያለፈው ትንሽ ስለነበረ ነው፤ አውቃለሁ። የዛሬው ትልቅ ነው፤ ገልጠሽ እዪው። ካርዴን ብቻ መልሺልኝ።"

ተሻለች እጇ ውሃ እንዳንጠባጠበ ቀረ።

"ቅቤ አምጪ ያለሽ ማነው?"

"ማንም አላለኝም። ሁሉም ያመጣል እኮ። ራቢያ አመጣች፣ ሁለተኛው ልጇ ተጻፈ።"

"የራቢያ ልጅ የተጻፈው ክንዱን ለክቼ ነው! የመለኪያው ቀይ ላይ ስለወደቀ!"

"አዎ፣ እቴቴ" አለች ሀሊሜ። አዎ ያለችው አምና አይደለም፤ ከካርድ ሰጪ ጋር ክርክር እንደማያዋጣ ስለምታውቅ ነው።

ተሻለች ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት። "ላም አለሽ?"

"ሰባት ነበሩኝ። ሁሉም ቆላ ቀሩ፤ ሰባቱም።"

"ታዲያ ይሄ ቅቤ ከየት መጣ?"

"ከገበያ።"

"በምንሽ ገዛሽው?"

የሀሊሜ ዓይን ሳታዘው ትከሻዋ ላይ ወዳንጠለጠለችው ባዶ የፋፋ ከረጢት ሄደ፤ ከዚያም ተመልሶ መሬት ወረደ።

ተሻለች የበርሜሉን አፍ ያዘች። "ወይኔ!" አለች በአማርኛ፤ ሰው ሲደነግጥ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚጮኸው። የኢፍቱ ሦስት ሳምንት፣ ያ አልነቃነቅ ያለው ቀስት፣ ቅቤ ሆኖ እሷ ቤት መደርደሪያ ላይ በማሰሮ ተቀምጧል። ጠዋት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "ወዴት ነው የምታደርሺው?" ብላ ስትጮህባት ሀሊሜ "ወደ አንቺ ቤት" ማለት ትችል ነበር። አላለችም። እና እሷ ምን ብላ ሰደበቻት? የእንጀራ ልጅ!

"ያዢው ለጊዜው" አለቻት። "አትሂጂ። እዚሁ ጠብቂኝ።"

ኦቦ ጉደታ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ይቀርፋሉ። ተሻለች ፊታቸው ቆመች።

"ያውቁ ነበር፣ ኦቦ ጉደታ?"

"ምኑን?"

"ቅቤውን!"

"የማያውቅ አለ እንዴ? የቄራ ውሻ ሳይቀር ያውቃል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ሽማግሌው መቅረፋቸውን አቆሙ። "አንቺ መች ጠየቅሽኝ? እኔ ዘበኛ ነኝ፤ በሩን ነው የምጠብቀው። ደግሞ የሚያመጡልሽን በሁለት እጅሽ ትቀበያለሽ፣ ትመርቂያለሽ፤ ወደሽው ነው ብዬ። ዛሬ ጠዋት ግን በሷ ላይ ስትጮሂ ሳልኩ። አልሰማሽም።"

"ሰምቻለሁ" አለች ተሻለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የራቢያ ትልቁ ልጅ በኩፍኝ ሞት አፋፍ ደርሶ ተሻለች ሌሊትና ቀን በማንኪያ እያጎረሰች መለሰችው። ልጁ በእግሩ በሄደ ቀን ራቢያ ዘመዶቿ ዘንድ ካለች አንዲት ላም የወጣ ቅቤ ይዛ መጣች። ተሻለች አንዴ "አይሆንም" አለች፣ ሁለቴ አለች፤ በሦስተኛው ተቀበለች። የአገሩ ወግ እንዲህ ነው፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው፣ ሦስተኛው ግን ንቀት ነው፤ እጅሽ ቆሻሻ ነው ማለት ነው። ራቢያ መርቃት ሄደች። በሳምንቱ ታናሹ ልጅ ክንዱ ተለክቶ ተመዘገበ፤ በሚገባው ተመዘገበ። እናቶቹ ግን መለኪያውን አላዩም፤ ያዩት ቅቤውን ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ አራት። አንዷም "ለዚህ ነው" አላለችም፤ ተሻለችም አንዷን "ለምንድነው?" ብላ አልጠየቀችም። ሁዳዴ ስለገባ ደግሞ የሚበላው የለም። እናቷ እያነጠሩ ለፋሲካ አስቀመጡት፤ እና ያልበሉት ነገር እንዳልወሰዱት ይቆጠራል መሰላቸው።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀና ብላ አየችው። በስቴንስል የተባዛ ሰባት አንቀጽ ነው፤ ስትገባ አንብባ ፈርማበታለች፤ በገዛ እጇ በዱቄት ሙጫ የለጠፈችውም እሷ ናት። ሦስተኛው "ሠራተኛም ሆነ በጎ ፈቃደኛ ከተረጂ ምንም ዓይነት ስጦታ አይቀበልም" ይላል። በአማርኛ ይላል። ከተሰለፉት እናቶች አንዷም አታነበውም። የምታነበው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ስጦታ ማለት በግ ነው፣ ብር ነው ብላ አልፋዋለች። ቅቤማ ወግ ነው።

ቤቷ ሩቅ አይደለም፤ እየሮጠች ሄደች። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሽሮ ወጥ አቅርበው ይጠብቃሉ። ኒቆዲሞስ ካለፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ፋሲካ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። መደርደሪያው ላይ ሁለት ማሰሮ የነጠረ ቅቤ አፉ በጨርቅ ታስሮ ተቀምጧል። ተሻለች ምግቡን ሳትነካ ማሰሮዎቹን ማውረድ ጀመረች።

"ምን ሆነሻል? ወዴት ልትወስጂው ነው?"

"ልመልሰው ነው፣ እማዬ።"

"አበድሽ? የሰው እጅ መመለስ ነውር ነው ብዬ አይደል ያሳደግሁሽ?"

"እማዬ፣ የልጆች ምግብ ነው። ፋፋውን ሸጠው ነው የሚገዙት። ዛሬ አንዷን ስመዝናት…" ተሻለች አንዱን ማሰሮ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። "አፏን ከፍታ ማልቀስ እንኳ አቅም የላትም።"

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኛ ምን አደረግን?" አሉ። "እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ጣቴን እንኳ አልላስሁም! ጾም ነው ያለነው።"

"እሱማ እውነት ነው፤ ጾመናል" አለች ተሻለች። እንባዋ መጣ። "የነሱን ጉሮሮ ዘግተን ነዋ የምንጾመው።"

"ደሞ ልትናገሪ ነው? ለኃላፊዋ ለሲስተሯ ልትነግሪያት ነው? ተሻለች! የፊታችን ማክሰኞ ልትቀጠሪ! ሣህሌ እንደሆነ ይኑር አይኑር አናውቅም። ቤት ኪራዩን ማን ሊከፍል ነው? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጠላ ልጥመቅ?"

እናቷ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ማሰሮዎቹን አቅፋ በሩ ላይ ስትደርስ ወይዘሮ ወለተ ማርያም "ቆይ!" አሉ፤ ተከትለዋት መጡና የአንዱን ማሰሮ ጨርቅ ፈትተው እንደገና አጥብቀው አሰሩት። "ይፈስብሻል" አሉ በቁጣ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ገቡ።

የጣቢያው ኃላፊ ሲስተር በቀለች ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ጎበዝ ሴት ናቸው፤ ባለፈው ክረምት በወረርሽኝ መካከል ቆመው ስንቱን ልጅ እንዳተረፉ አሰላ ያውቃል። ሠራተኛም ይፈራቸዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ወረቀት አስቀመጡ፤ አንደኛው የቅጥር ደብዳቤ ነው፣ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። ሁለተኛው የሚሰረዙ ሰዎች ስም የሚጻፍበት ቅጽ ነው።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አሉ ደብዳቤውን ወደ ተሻለች ገፋ አድርገው። "ፊርማሽን አኑሪ። ከዚያ ያቺን ፋፋ ሻጭ ጻፊልኝ፤ ለኮሚቴው ልላከው።"

ተሻለች ማሰሮዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቆማ ነገረቻቸው፤ ከራቢያ ጀምራ እስከ ሀሊሜ፣ ምንም ሳታስቀር። ሲስተር በቀለች ሳያቋርጡ ሰሙ። ስትጨርስ ተነስተው በሩን ዘጉ።

"ሌላ ማን ያውቃል?"

"ሁሉም፣ ሲስተር። የማላውቀው እኔ ነበርኩ። እኔም… አለማወቅ ስለተመቸኝ ነው።"

"ከሠራተኛ ማለቴ ነው። ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ማን ያውቃል?" ተቀመጡና ግንባራቸውን ያዙ። "ሐሙስ ሊጎበኙን ይመጣሉ። ይሄን ቢሰሙ ጣቢያውን ይዘጉታል፤ ሌላ ቦታ ዘግተዋል። ቢዘጋ ይሄ ሁሉ ልጅ ወዴት ይሂድ? ስሚኝ፤ ካሁን በኋላ አትቀበዪ። ያለፈው አለፈ። ማሰሮውን ወደ ቤትሽ መልሺው። ደብዳቤሽን ፈርሚ።"

"ሀሊሜስ?"

ሲስተር በቀለች ቅጹን ወደ ተሻለች ገፉት። "ኮሚቴው አንድ ስም ይፈልጋል" አሉ ቀስ ብለው። "ፋፋውን ሸጣለች፤ ውሸት አይደለም። ልጅቷን በኋላ በሌላ ስም እንመልሳት ይሆናል።"

"በኋላ መቼ፣ ሲስተር? ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ናት።"

"እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ?" ድምፃቸው ተሰበረ፤ ተሻለች እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። "ወስነሽ አምጪልኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።"

ተሻለች ቅጹን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ደብዳቤውን አልነካችውም። ማሰሮዎቹን ተሸክማ ወጣች።

ግቢው ውስጥ የከሰዓቱ ገንፎ በትልቁ በርሜል ድስት ይንተከተካል፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሀሊሜም ጥጉን ይዛ አለች፤ ያ የኮባ ጥቅል አሁንም እጇ ላይ ነው። ተሻለች መካከል ገብታ ቆመች። በሕይወቷ ሕዝብ ፊት ንግግር ያደረገችው አንዴ፣ በማኅበሩ በዓል ቀን ነው፤ ያኔ የተጻፈላትን አነበበች። አሁን የተጻፈላት የለም።

"እህቶቼ፣ ስሙኝ" አለች በኦሮምኛ። "ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ለእናንተ ተነቦ አያውቅም። 'ከተረጂ ስጦታ አትቀበሉ' ይላል። ፈርሜበታለሁ። እኔ ግን ቅቤያችሁን ተቀበልኩ። ካርድ በቅቤ አይሰጥም፤ በክንድ ልኬት ነው። ቅቤ ያመጣችም ያላመጣችም እኩል ናት። ይሄንን መጀመሪያ ቀን ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ አልነገርኳችሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። የየራሳችሁን ኑና ውሰዱ።"

ማንም አልተነሳም። ከመካከላቸው ራቢያ ቆጣ ብላ ቀና አለች።

"እኔ ለካርድ አልሰጠሁሽም! ልጄን አዳንሽልኝ፣ አመሰገንኩሽ። የሰጠሁትን መልሼ ብወስድ ምርቃቴን መልሼ መውሰዴ ነው። በልጄ ላይ አላደርገውም!"

"እውነቷን ነው" አሉ ሌሎቹ። ጉርምርምታ ተነሳ። ተሻለች ማሰሮዎቹን አቅፋ መሄጃ አጣች፤ ይዛው ልትቀር አትችል፣ የሚቀበላት የለ። ኦቦ ጉደታን በዓይኗ ለመነቻቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው መጡ።

"ምርቃት አይመለስም" አሉ ለሁሉም እንዲሰማ። "ግን ቅቤ ሁለት ነገር ነው። ራስ የሚነካው ምርቃት ነው፤ የቀረው ምግብ ነው። ምርቃቱን ትውሰድ። ምግቡን ደግሞ…" በዱላቸው ድስቱን አመለከቱ። "የሚራብ አጥታችሁ ነው?"

ራቢያ ተሻለችን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ተነስታ ማሰሮውን ራሷ ከፈተች፤ በጣቷ ጫፍ ጨልፋ የተሻለችን ፀጉር መሃል ለመሃል ቀባቻት፣ የቀረውን ገንፎው ላይ ገለበጠችው። ሁለተኛውን ማሰሮ ሌላዋ ገለበጠች። የነጠረው ቅቤ ሽታ ግቢውን ሞላው፤ የተኙ ልጆች ሳይቀሩ ነቁ። መጨረሻ ላይ ሀሊሜ መጣች። ጥቅሏን ፈትታ ተሻለችን ቀባቻትና ቅቤውን ከነቅጠሉ ይዛ አመነታች።

"ይሄም ይግባ?"

"የኢፍቱ ገንፎ ላይ አድርጊው" አለቻት ተሻለች። "የኢፍቱ ነው። ከመጀመሪያውም የሷ ነበር። ጠዋት ያልኩሽን ደግሞ… ይቅር በዪኝ፣ ሀሊሜ።" ከሽርጧ ኪስ ካርዱን አውጥታ ሰጠቻት።

ሀሊሜ ካርዱን ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ኢፍቱ የመጀመሪያውን ማንኪያ ተፋችው፤ ሁለተኛውን ዋጠች፤ ሦስተኛው ሲዘገይባት ቀጭን ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። ተሻለች ያንን ልቅሶ ቆማ ሰማችው፤ ደስ አላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ቢሮ ገባች። ሲስተር በቀለች በመስኮቱ ሁሉን አይተዋል። ደብዳቤው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ተሻለች ቅጹን ከኪሷ አወጣችና ዘረጋችው፤ የቅቤ ጣት ነካክቶት ኖሮ ጥጉ አሳልፎ ያሳያል። ብዕር ለመነች፣ ሰጧት።

"የተሰራዥ ስም" በሚለው ረድፍ ላይ "ተሻለች ገብረወልድ" ብላ ጻፈች። "ምክንያት" በሚለው ስር "የልጆች ፋፋ ገበያ የወጣው በኔ ምክንያት ነው፤ ቅቤ ተቀብያለሁ" ብላ ጨመረችና ቀኑን አኖረች።

ሲስተር በቀለች አነበቡት። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

"ይሄ ከሄደ አትቀጠሪም፤ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ፣ ሲስተር።"

"ታዲያ የፊታችን ማክሰኞ ማን ሊመዝን ነው?"

ተሻለች የሚዛኑን ክፍል ቁልፍ ከሽርጧ ፈትታ ቅጹ ላይ አስቀመጠችው።

"እርስዎ ይመድቡ። እኔን ገንፎ ማማሰል ካልከለከሉኝ፣ ሚዛኑን ከዚያ ሆኜ አየዋለሁ።"